ሂዩሚዲፋየር ጭጋግ ሲያቆም፦ ችግርና መፍትሄ

ብርድ ወራት ገብቶ የቤት ማሞቂያ ማብራት ሲጀመር ሂዩሚዲፋየሩን፣ ማለትም የቤቱን አየር የሚያረጥበውን ማሽን፣ ይዞ «ይቺን ነገር እስቲ እያት፣ ተበላሽታለች» የሚለኝ ሰው ይበዛል። አብዛኞቹ ግን አልተበላሹም። ቆሽሸዋል። ሶኬቱን አይታችኋል፣ ውሃውንም ሞልታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ዓይነት የትኛው እንደሆነ እወቁ። አልትራሶኒክ የሚባለው ከሥሩ ባለች ትንሽ ዲስክ ውሃውን አንቀጥቅጦ ቀዝቃዛ ጭጋግ ያወጣል። ባለ ፊልተሩ ውሃ በመጠጠ ፊልተር ውስጥ በፋን አየር ያሳልፋል። ባለ እንፋሎቱ ውሃውን ያፈላዋል። ባለ ፊልተሩ ጭጋግ አያሳይም፤ ሊያሳይም አይገባም። «አዲስ ገዝቼ ምንም አያወጣም» ብሎ ሊመልሰው የተነሳ ሰው አውቃለሁ። ማታ የሞላው ታንክ ግን ጠዋት ባዶ ነበር። ታዲያ ውሃው የት ሄደ?

መብራቱ በርቷል፣ ፋኑ ይሰማል፣ ጭጋጉ ግን ሳስቷል ወይም ጠፍቷል

ዋናው ይሄ ነው። የአልትራሶኒክ ባለቤቶች ቅሬታ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው። መንስኤውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ዲስኳ ላይ የተጋገረ የኖራ ቅርፊት።

ዲስኳ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ትርገበገባለች። 1.7 ሜጋኸርዝ (በሴኮንድ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ) የተለመደው ነው። ውሃውን በትኖ ጭጋግ የሚያደርገው ይህ ርግብግቢት ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለ። ከፊሉ ከጭጋጉ ጋር ይወጣል፣ ከፊሉ ዲስኳ ላይ ይቀራል። ቅርፊቱ ሲወፍር ዲስኳ መርገብገቧን አታቆምም፤ ጉልበቷ ግን ውሃው ጋ አይደርስም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከሶኬት ንቀሉት። ታንኩን አንሱና ከሥር የቀረውን ውሃ ድፉ። ስትደፉ የአየር ቀዳዳው ባለበት በኩል አታዘንብሉት! ውሃው በዚያ ቀዳዳ ወደ ፋኑና ወደ ሰርኪዩቱ ይወርዳል። «ሳጸዳው ተቃጠለ» ብለው ከሚያመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ የሞቱት በዚህ ነው። ከዚያ ነጭ አቼቶ ዲስኳን እስኪሸፍን ጨምሩና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ኖራው እየሟሟ ነው። በጆሮ ጥጥ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ እሹት። አልለቅ ካለ አቼቶውን ቀይራችሁ ድገሙት። በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ አለዚያ ቤቱ አቼቶ አቼቶ ሲሸት ያድራል።

ቢላ፣ ጥፍር፣ ካቻቪቴ፣ የብረት መፈግፈጊያ ወደ ዲስኳ አይጠጋ። አንዱ ወዳጄ አቼቶውን መጠበቅ ሰለቸውና በካቻቪቴ ፋቀው። «እንደ መስታወት አብርቶልኛል፣ ግን አይሠራም» አለኝ። እውነትም ያበራ ነበር። የዲስኳን ስስ ሽፋን ከኖራው ጋር አብሮ ልጦታል። ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሄ አዲስ ዲስክ ብቻ ነው።

አቼቶና በረኪና ደግሞ በፍጹም አይገናኙ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳምባ ይጎዳል። «ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት» አይሠራም። በአንዱ ካጸዳችሁ በሌላው ከመንካታችሁ በፊት ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡት።

ሌላዋ ደንበኛዬ «የእኔ ኖራ ሊሆን አይችልም፣ ውሃውን አፍልቼ ነው የምጨምረው» ብላ ተከራከረችኝ። ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺና ውስጡን እዪ አልኳት። ግድግዳው ነጭ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድን አያጠፋም። ጥቂቱ ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል፣ የተረፈው አብሮ ታንክ ይገባል። የታሸገ የማዕድን ውሃ የሚጨምሩም አሉ። ስሙ ላይ እኮ ተጽፏል! የሚሆነው ዲስቲልድ ውሃ፣ ማዕድኑ የወጣለት ማለት ነው። እሱ ካልተገኘ በቧንቧ ውሃ ተጠቀሙ፣ ግን በየሳምንቱ በአቼቶ አጽዱት።

የሽቶ ዘይት ጉዳይም አለ። ለብቻው ማስቀመጫ ያልተሠራለት ማሽን ውስጥ ዘይት ጠብ አታድርጉ። ዲስኳን ይሸፍናታል፣ የጎማ ቀለበቱን ያሳብጠዋል፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ሽታው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ማሽኑ ግን አይችለውም።

ቅርፊቱ ለቆ ጭጋጉ አሁንም ከሌለ ተንሳፋፊዋን እዩ። ውሃ መኖሩን ለማሽኑ የምትነግረው እሷ ናት። ሙልጭልጭ ያለ ቆሻሻ ይዟት ካልተነሳች ማሽኑ ውሃ የለም ብሎ ይቆማል። ስታጸዱ አውጥታችኋት ከሆነ ደግሞ መመለሳችሁን አረጋግጡ፤ ከቆሻሻው ውሃ ጋር የሚደፏት ብዙ ናቸው። ከዲስኳ በላይ ያለው ውሃ ከልክ በላይ ከጠለቀም ጭጋጉ ይሳሳል። እሱ ከሆነ ጥፋቱ የታንኩ ነው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ዲስክ መቀየር ግድ ከሆነ ስፋቷን ለኩ። 16፣ 20 እና 25 ሚሊሜትር የሆኑ አሉ። ስፋቷ ስለገጠመ ብቻ ትሠራለች ማለት ግን አይደለም። ፍሪኩዌንሲዋም (በሴኮንድ የምትርገበገበው ብዛት) ከሰርኪዩቱ ጋር መግጠም አለበት። እርካሾቹ ላይ ሽቦው የተበየደው ለይስሙላ ነው፤ ስትገጥሙት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ጎማዋም በትክክል ካልተቀመጠች ውሃው ሰርኪዩቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ዕቃው ላይ ነጭ አቧራ

ያው ኖራ ነው፣ አሁን በአየር ላይ ወጥቶ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከተኛ ሳምባችሁም ጋ ይደርሳል። በዲስቲልድ ውሃ ይቆማል። አንዳንዱ ማሽን ማዕድን የሚይዝ ካርትሪጅ አለው፤ እሱም ጊዜው ያልፋልና አቧራው ሲመለስ ቀይሩት።

ከሥሩ ውሃ ያፈሳል

የታንኩን ክዳን ቀለበት እዩ። ጠማማ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ መንስኤው ተገኘ። ክዳኑ ደህና ሆኖ ካፈሰሰ ታንኩን ራሱን በብርሃን ፊት አዙራችሁ እዩት። ከላይ የምትሞሉት ካልሆነ በቀር ታንኩ ውሃውን ይዞ የሚቆየው አየር ስለማይገባው ነው። ከላይ በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች አየር ይገባል፣ ውሃው ሳይቆም ይወርዳል፣ ዲስኳን ያጥለቀልቃል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ነው። ሰው ግን ስንጥቁን የሚፈልገው ከታች ነው። በሙጫ የተለጠፈ ታንክ አላምንም፤ ቀይሩት። የፈላ ውሃ የሚሞሉ ሰዎችም ታንካቸው ሲጣመም አይግረማቸው።

ይሸታል፣ ወይም ሲበራ ያስላል

የቆመ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል፤ አልትራሶኒኩ ደግሞ ያንኑ በትኖ ያስተነፍሳችኋል። የትናንቱን ውሃ በየቀኑ ድፉ፣ አድርቁ፣ አዲስ ሙሉ። ሳል ወይም ትኩሳት ከቀጠለ ማሽኑን አጥፍታችሁ ሐኪም አማክሩ።

«ፀረ ጀርም ልጨምርበትስ?» አትጨምሩ። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለሂዩሚዲፋየር ውሃ ተብሎ የተሠራ ፀረ ጀርም ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባድ የሳምባ ጉዳት እንደሚያመጣ ታወቀና ከገበያ ወጣ። እስከዚያ ግን ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ ብዙ ሰው ሞቷል። ማጽጃ ለማጠቢያ ነው። ማሽኑ ሲበራ ታንኩ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይኑር።

መስኮቱ ያልባል፣ ግድግዳው ጠቆረ

አበዛችሁት። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሻጋታና የአቧራ ትል ይመቻቸዋል። ውጭው በጣም ሲበርድ 40 ላይም መስታወቱ ሊያልበው ይችላል፣ ያኔ ቀንሱ። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፤ የሚለካው የራሱን ጭጋግ ነው። ለብቻው የሚቀመጥ መለኪያ ግዙና ክፍሉ ሌላኛው ጥግ ላይ አድርጉት። የሱንም ትክክለኛነት መፈተን ይቻላል። በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው አድርጋችሁ በጥቂት ውሃ አርጥቡት፤ ጨው ይሟሟ ሳይሆን ይርጠብ። ከመለኪያው ጋር በታሸገ ፌስታል ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ገደማ ማንበብ አለበት።

ቀን ከሌት በርቶ ቤቱ አሁንም ደረቅ ነው

0 ዲግሪ ላይ ያለ አየር ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኪዩብ 5 ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚይዘው። 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ግራም መያዝ ይችላል፤ ያለው ግን ያው 5 ነው። ስለዚህ እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። የኩባያ ያህል የሆነች በዩኤስቢ የምትሠራ ማሽን ይህንን ለሳሎን ልትሞላ አትችልም። አልተበላሸችም፣ አቅሟ ነው። ለክፍሉ ስፋት የተሠራ ግዙ፣ በሩንም ዝጉ። በነገራችን ላይ በእነዚህ ትንንሾቹ ውስጥ ያለችው የጥጥ ዘንግ ቶሎ ትደፈናለች፤ ጭጋጉ ሲጠፋ መጀመሪያ እሷን ቀይሩ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጭጋጉ ውስጥ ይታያል ግን አይወጣም፦ ፋኑ ሞቷል።

ባለ ፊልተሩ አየር ያወጣል ውሃው ግን አይቀንስም፦ ፊልተሩ በማዕድን ደርቆ ጠንክሯል፣ አዲስ ግዙ።

ባለ እንፋሎቱ ለመፍላት ይቆያል፦ ማሞቂያው ኖራ ይዟል፣ በአቼቶ አጽዱት። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፣ ውስጡ ያለው የፈላ ውሃ ነው።

የተቃጠለ ሽታ አለው፦ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት። «አንዴ ልሞክረው» ብላችሁ መልሳችሁ አትሰኩ።