ጥናታችሁን ለአገሬው ሰውም ጻፉለት

በወሎም ሆነ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ ከጥናታችሁ አንዷን ግኝት ብቻ መርጣችሁ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ጻፏት። ከጥናቱ ዘዴ ሳይሆን ከሰዉ ጥያቄ ጀምሩ። የመሬት መንሸራተት ያጠና ሰው፣ «ደሴ ላይ ክረምት ሲበረታ ተዳፋቱ ለምን ይናዳል?» ብሎ ይነሳ፤ ከዚያ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲሰርግ አፈሩ እንደሚከብድ፣ እርስ በርስ የተያያዘበት ኃይልም እንደሚላላ ያስረዳ። ሄክታር ስትሉ ጥማዱንም ጨምሩ። ከመልቀቃችሁ በፊት ከሙያው ውጭ ላለ ሰው አንብቡለት፤ ግር ያለውን ቦታ እንደገና ጻፉት።

ለጆርናል የጻፋችሁትን የሚያነበው ያው የሙያ ባልደረባ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን የሐይቅ ወይም የኮምቦልቻ ሰው፣ «የእኛም ጓሮ ተሰነጣጥቋል፤ ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የዓመታት ልፋት ለሰው ሲደርስ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጥያቄውን ታዲያ መዝግቡት፤ ለቀጣዩ ጥናት ይሆናችኋል።