«ይለምዱታል» አይበቃም፦ የኮምፒውተር ገጽታ ሲለወጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዊንዶውስ 8 ወደ ቢሯችን በገባ ሰሞን አንዲት አንጋፋ ጸሐፊ ማታ ማታ ኮምፒውተራቸውን ሶኬቱን እየነቀሉ ያጠፉ ነበር። ይህን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱንም ከጽዳት ሠራተኛዋ እንጂ ከእሳቸው አይደለም። ሄጄ «እትዬ፣ ምነው ሳይጠሩኝ?» ስላቸው «ልጄ፣ ማጥፊያው የጠፋብኝ እኔ ብቻ መስሎኝ አፈርኩ» አሉኝ። እኚህ ሴት ኪቦርዱን ሳያዩ አማርኛ የሚጽፉ፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ሥራ የሚያለማምዱ ናቸው። ማሽኑን የጫንኩት እኔ፣ ማጥፊያው የት እንደሄደ ያልነገርኳቸውም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ 10ንም 11ንም ለብዙ ሰው ጭኛለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ወይ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፣ ወይ ባልደረቦቼ ሲሠሯቸው አይቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ቀስ እያሉ ይለምዱታል» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ደግሞ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የስታርት ቁልፍ የመጣው ከዊንዶውስ 95 ጋር ነሐሴ 1995 ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ መልኩ ቢለዋወጥም ከግራ ታችኛው ጥግ አልተነቃነቀም። በየማሠልጠኛው ኮምፒውተር የተማረ ሰው መጀመሪያ የሰማው ትምህርት «ስታርትን ተጫን» የሚል ነው። ጥቅምት 26 ቀን 2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ያ ቁልፍ አልነበረም። ማሽኑ ሲከፈት ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍኑ ባለ ቀለም ሳጥኖች ይመጣሉ። ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ማውሱን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዶ፣ ከጎን ብቅ ከሚሉት ምልክቶች ሴቲንግን መርጦ፣ ከዚያ ውስጥ ፓወርን መፈለግ ያስፈልግ ነበር። ጥጉ ላይ ግን አንድም ምልክት የለም።

ሰው የሚለምደው የሚያየውን ነው። ዕቃ ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላ ቢዛወር በሦስተኛው ቀን እጅ ራሱ ያገኘዋል፤ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ዕቃ ግን ያለበትን የሚናገር ሰው ካልመጣ በዓመቱም አይገኝም። ማይክሮሶፍት ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። አይፓድ ከ2010 ጀምሮ ገበያውን ስለያዘው፣ ለታብሌትም ለዴስክቶፕም የሚሆን አንድ ገጽታ ፈልጎ ነው። በጣት ለሚነካ ስክሪን ከጠርዝ ወደ ውስጥ መሳብ ቀላል ነገር ነው። የእኛ ቢሮ ማሽኖች ግን ሁሉም ባለ ማውስ ነበሩ፤ አንዱም የሚነካ ስክሪን አልነበረውም። ስለዚህ «ይለምዱታል» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ የተለወጠው ነገር ስክሪኑ ላይ ይታያል? ካልታየ ልማድን አትጠብቁ፤ ሄዳችሁ አሳዩ።

ቃሉን ሰምቶ ችግሩን አለመስማት

ጩኸቱ ሲበረታ ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2013 ዊንዶውስ 8.1ን አወጣ፤ የስታርት ቁልፍም ተመለሰ። ግን ሲጫኑት የሚከፍተው ያንኑ ስክሪን የሚሸፍነውን የሳጥን ገጽ ነበር። ሰዎች «ቁልፉን መልሱልን» ሲሉ የፈለጉት፣ የያዙትን ሥራ ሳይሸፍን ጥግ ላይ የሚከፈተውን ዝርዝር ነው። በቃላቸው የጠቀሱት ቁልፉን ስለሆነ ቁልፉ ተሰጣቸው። በእርግጥ ያ ዝማኔ የጠቀመን ነገርም ነበር፦ ቁልፉን ራይት ክሊክ በማድረግ ማጥፋት ተቻለ፣ ማሽኑም ሲነሳ በቀጥታ ወደ ዴስክቶፕ እንዲገባ ማድረግ ተቻለ። ዝርዝሩ ራሱ የተመለሰው ግን በዊንዶውስ 10፣ ሐምሌ 29 ቀን 2015 ነው። ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መሆኑ ነው።

በትንሹ እኛም ዘንድ ይኸው ይደገማል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውስ 11 በተጫነለት ሳምንት «ይሄ ነገር ያስጠላል» እያለ ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ሁለት ጊዜ የጀርባውን ሥዕልና ቀለሙን አስተካክዬለት ሄድኩ። በሦስተኛው አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሲሠራ አየሁት። አምስት የኤክሴል ፋይል ከፍቶ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሰ ያመሳክራል። ድሮ የእያንዳንዱ ፋይል ስም ታችኛው መስመር ላይ፣ ታስክባሩ ላይ፣ ተጽፎ ያየው ነበር፤ አሁን አምስቱም በአንድ ምልክት ሥር ታጭቀዋል። «ያስጠላል» ማለቱ ይሄን ኖሯል። ፋይሎቹን በየስማቸው ለይቶ የማሳየቱ ምርጫ ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ተወግዶ ነበር፤ የተመለሰው በ2023 ነው። እስከዚያ ድረስ በአልትና በታብ መቀያየርን አሳየሁት፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ሥራው ተንቀሳቀሰ።

ቅሬታ ሲመጣ «ምኑ አስጠላህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ መልክና ቀለም ይሆናል። «ምን ልትሠራ ስትል ነው የተቸገርከው?» በሉት።

የሚያልፈውንና የማያልፈውን አብሮ መጨፍለቅ

ዊንዶውስ 11 ጥቅምት 5 ቀን 2021 ሲወጣ የስታርት ቁልፍ ወደ መሐል ተዛውሮ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የተወራውም ስለ እሱ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ ወደ ግራ ይመለሳል። ራይት ክሊክ ሲደረግ የሚመጣው ዝርዝር አጥሮ የቀረው ለሁለተኛ ክሊክ መዳረጉም ያናድዳል፤ ሺፍትና ኤፍ 10 ግን ሙሉውን ይከፍተዋል። ታስክባሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማዞር የለመደ ሰው ቅሬታ ግን ከእነዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ የነበረ ነገር ነው የተወሰደበት። ፋይል ጎትቶ ታስክባሩ ላይ ባለ ፕሮግራም ላይ መጣልም መጀመሪያ ላይ አልነበረም፤ በ2022 ነው የተመለሰው። ለእንዲህ ያለው ሰው «ትለምደዋለህ» ማለት ትርጉም የለውም። ወይ ሌላ መንገድ ስጡት፣ ወይ እውነቱን ንገሩት።

ቅር ያለውን ሁሉ «አያውቅም» ማለት

ይህ የዊንዶውስ ብቻ አይደለም። በ2011 ጂኖም 3 የተባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ገጽታውን ከመሠረቱ ሲለውጥ፣ ከተቆጡት አንዱ ሊኑክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ነበር። ትቶት ኤክስኤፍሲኢ ወደሚባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ሄደ። ኮምፒውተር አያውቅም የሚለው ሰው የለም! ሌሎች ደግሞ የቀድሞውን ጂኖም 2 ወስደው ማቴ በሚል ስም አስቀጠሉት፤ ሊኑክስ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ሲናሞን የሚባል የራሱን ዴስክቶፕ ሠራ። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱም በዚያው 2011 ዩኒቲ የተባለ የራሱን ገጽታ ዋና አድርጎ አምጥቶ፣ በ2017 ትቶት ወደ ጂኖም ተመለሰ። ገጽታ ሲለወጥ አብዝቶ የሚጎዳው ጎበዙ ነው፤ እጁ ሳያስብ የሚሠራውን ሥራ እንደገና ማሰብ ይኖርበታላ። ጀማሪውማ ድሮም እየፈለገ ነው የሚሠራው።

ዝምታን መስማማት ማድረግ

ወደ እትዬ ልመለስ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእሳቸው ክፍል አንድም ጥሪ አልመጣም፤ እኔም «እዚያ ችግር የለም» ብዬ ተቀምጫለሁ። በእኛ ቢሮ ሰው ከጨዋነት የተነሣ ዝም ይላል፣ በይሉኝታ ዝም ይላል፤ ከልጁ የሚያንስ ባለሙያ ፊት «አልቻልኩም» ማለት ከብዶት ዝም ይላል። «ተመቸዎት?» ብትሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ነው መልሱ። አሁን የማደርገው፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ ሄጄ «እስቲ የትናንቱን ደብዳቤ ከፍተው አንድ ኮፒ ያትሙልኝ» ማለት ነው። እጃቸው የት እንደሚቆም አያለሁ። ማሽን ሲዘጋ እያየሁ መውጣትንም አልተውም።

በሰኔ መለወጥ

የመንግሥት በጀት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ወር የፋይናንስ ክፍልን ዊንዶውስ የለወጠ ሰው የሚደርስበትን ቅሬታ ሁሉ ገጽታው አመጣው ብሎ ባያስብ ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አይደገም። ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው መርጣችሁ አስቀድማችሁ ለውጡላቸው፤ ጎረቤቱን የሚያስተምረው እሱ ይሆናል።

«የድሮውን ጫንልኝ» ማለት

ይሄኛው የተጠቃሚው ስህተት ነው። ሰው አዲሱ ሲያስመርረው ጥገና ቤት ወስዶ ፎርማት ያስደርግና የድሮውን ያስጭናል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ የ7 ጥር 14 ቀን 2020፣ የ10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ በመደበኛው መንገድ አይደፈንም። ደመወዝና የሕዝብ ፋይል የያዘ ማሽን ለስታርት ዝርዝር ሲባል እዚያ መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ የድሮውን ገጽታ የሚመልስ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። ክላሲክ ሼል ለዚህ የታወቀ ጥሩ ፕሮግራም ነበር። ሆኖም በነሐሴ 2016 ይሰራጭበት የነበረውን ፎስሀብ የተባለውን ገጽ ሰርጎ ገቦች ገብተው ፋይሉን ቀየሩት፤ በዚያ ሰዓት አውርደው የጫኑት ሰዎች ኮምፒውተር መነሻ ክፍሉ ተበላሽቶ መነሣት አቃተው። የታመነው ፕሮግራም ይህ ከደረሰበት፣ ከቴሌግራም ቻናል የወረደውን አስቡት። በዊንዶውስ 10 እና 11 የዊንዶውስ ቁልፍን ከኤፍ ጋር ብትጫኑ ቅሬታ መላኪያው ይከፈታል። «ጥሩ አይደለም» ብላችሁ ሳይሆን «ይህን ስሠራ በፊት አንድ ክሊክ ነበር፣ አሁን ሦስት ሆነ» ብላችሁ ጻፉ።

አማርኛውን ሳያረጋግጡ የድሮውን ማጥፋት

በእኛ አገር ቢሮ ግማሹ ምሬት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን ለአዲሱ ገጽታ ይሰጣል። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን ከሴቲንግ ውስጥ ተመርጦ የሚጨመር ተጨማሪ ሆነ። ስለዚህ በኒያላ የተዘጋጀ ደብዳቤ አዲሱ ማሽን ላይ በሌላ ፎንት ይከፈታል፤ መስመሩ ይንሸራተታል፣ የማኅተሙ ቦታም ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ደግሞ ዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደሉን ማንኛውም ማሽን የሚያውቅበት የጋራ አሠራር፣ ስላልሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ሰነዱ አልጠፋም፤ ባለቤቱ ግን ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ቋንቋ መቀየሪያውም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ይሠራል፤ ይህን በወረቀት ጽፌ ከእያንዳንዱ ስክሪን ሥር እለጥፋለሁ።

ከፎርማት በፊት የፎንት ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ በፍላሽ ቅዱ። ከዚያ ባለቤቱን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ሦስት ሰነድ በአዲሱ ማሽን ክፈቱ፦ አንድ የቅርብ፣ አንድ የአሥር ዓመት፣ አንድ ደግሞ ማኅተም የሚያርፍበት። ሦስቱም በትክክል ታትመው እስኪወጡ ድረስ የድሮውን ዲስክ አታጥፉ።