ራስን ሳያዋርዱ ሰውን ማክበር፦ ይሉኝታ ለሚከብዳቸው

በጎጃም ያደገ ሰው ሌላውን ማክበር የሚማረው አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ታላቁን «አንቱ» ይላል፤ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ሰው እያየው ብቻውን አይበላም። ራስን ማክበርን ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረው እምብዛም የለም፤ እንዲያውም ልጁ «እኔም እኮ» ማለት ሲጀምር ኩሩ ይባላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለራሳችን ስናስብ ሰው የበደልን፣ ለሰው ስናስብ ደግሞ የራሳችንን ጉዳይ መተው ያለብን ይመስለናል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ግን ይቻላል፤ ልምምድ ብቻ ይፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ራስን ማክበር ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው፣ እስከ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ 10 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ሰውየው ቢያንስ ከሌሎች ጋር እኩል ዋጋ ያለው አድርጎ ራሱን ያይ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ከሌሎች እበልጣለሁ ይል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን አንድም የለም። ጤነኛ ለራስ የሚሰጥ ክብር የሌላውን ክብር የማይነካውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እኩልነትን የያዘ ሰው ጎረቤቱን ዝቅ ማድረግ አያስፈልገውም።

በእኛ አገር ግን መንገዱን የሚያጠፋው ከትዕቢት ይልቅ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ለሰው ማሰብን ይመስላል፤ ሥሩ ግን «ምን ይሉኛል» የሚል ፍርሃት ስለ ሆነ የሚያስበው ስለ ራሱ ስም ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲጠየቁ፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት «ማንም ባያይና ባይሰማ ይህን አደርገው ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ደስ ብሎዎት ያድርጉት። አይደለም ከሆነ ግን ወይ እምቢ ይበሉ፣ ወይም ከልብዎ ሊያደርጉት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይስጡ።

እምቢ ማለት ደግሞ ወግ አለው። ኅዳር ላይ ጤፉ የደረሰበትን ገበሬ እንውሰድ። ጎረቤቱ ለደቦ ይጠራዋል፤ ቀኑ ግን የራሱ አጨዳ የሚጀመርበት ቀን ነው፤ የደረሰ ጤፍ ደግሞ ቢያሳድሩት ይረግፋል፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢመጣም ይበላሻል። ይሉኝታ የያዘው ሰው «እሺ» ብሎ ይቀራል፤ ወይም በማግሥቱ ልጁን ልኮ «አባቴ ታሟል» ያስብላል፤ ከዚያ ማጭድ ይዞ ማሳው ላይ ሲታይ ክብሩም ጉርብትናውም አብረው ይጎዳሉ። ራሱንም ጎረቤቱንም የሚያከብረው ሰው ግን በተጠየቀበት ሰዓት፣ ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ «አያ፣ የዚያን ቀን የእኔም ጤፍ ይታጨዳል፤ ካሳደርሁት ይረግፍብኛል። ለውቂያው ግን ከልጄ ጋር እመጣለሁ።» ምክንያቱ አንድ ነው፣ እውነት ነው፣ አጭርም ነው። ሦስት አራት ምክንያት መደርደር ሰሚውን ከማሳመን ይልቅ ያስጠረጥራል። ለውቂያው እመጣለሁ ያለውም ሊመጣ ስለ ሆነ እንጂ ነገሩን ለማለስለስ አይደለም፤ የማይፈጽሙትን ምትክ ማቅረብ ከእምቢታ የከፋ ቅሬታ ያመጣል።

የገንዘብም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከተማ ደመወዝተኛ ለሆነች ወጣት የአጎቷ ልጅ 5,000 ብር አበድሪኝ ብሎ ቢመጣና ያን ያህል ማጣት የማትችል ብትሆን፣ «ወንድም ዓለም፣ እኔ የምችለው 1,000 ብር ነው፤ እሱንም መልስልኝ አልልህም» ማለቷ፣ አበድራው ዓመት ሙሉ በሆዷ ከመቀየም ይሻላል። በአፍ ያልተነገረ እምቢታ በሌላ በኩል ይወጣልና፤ በሰምና ወርቅ በሚታወቀው አገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በአሽሙር ነው፤ አሽሙር ደግሞ ከግልጽ እምቢታ ይልቅ ያቆስላል።

ጠያቂው ወገንም ድርሻ አለው፤ ይህ በጣም የሚረሳ ነገር ነው። ሰው ሲለምኑ እምቢ የሚልበት ቦታ ይተዉለት። እንግዳን «በሞቴ» ማለት ደግ ወግ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ይበቃል። መድኃኒት የሚወስድ ወይም አረቄ የተወ ሰው በግብዣ መካከል ምሥጢሩን ለመናገር እስኪገደድ ድረስ ብርጭቆ እየሞሉ ማስጨነቅ የእንግዳ አክባሪነት ሥራ አይደለም።

እርማትን መቀበል ሌላው ከባድ ቦታ ነው፤ በዚህ ረገድ ግን ከጎጃም የቅኔ ቤቶች የሚበልጥ ትምህርት ቤት አላውቅም። በዋሸራም ሆነ በሌሎቹ ጉባኤያት ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ የጎደለውን ያርምለታል። ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ እርማቱን ሁሉ እንደ ስድብ ቢቆጥር ኖሮ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ባልደረሰ ነበር። የታረመው ቅኔው ነው፤ ልጁ ነገም ተማሪ ነው። በቢሮ ወይም በቤት ሲወቀሱ «የቱ ላይ ነው ያጠፋሁት?» ብለው ይጠይቁ፤ ወቃሹ የሚጠቁመው ነገር ካለው ያርሙት። የሚጠቁመው ከሌለውና የሚነካው ሰውነትዎን፣ ዘርዎን ወይም ሥራዎን ከሆነ ግን ያ እርማት አይደለም፤ ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ «እንዲህ ሲሉኝ ይከፋኛል፤ በስሜ ይጥሩኝ» ይበሉ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን በሙያቸው መስደብ በአገራችን ዘመን የቆየ ነውር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ አውጥተው የከለከሉትም ለዚህ ነበር። ለራሱ ክብር የሚሻ ሰው ገበያ ላይ እንስራ የምትሸጠውን ሴት እንዴት እንደሚያናግር ራሱን ይመልከት።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በኔዘርላንድስ 565 ልጆችንና ወላጆቻቸውን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ «የእኔ ልጅ ከሌሎች ሁሉ ይበልጣል» የሚሉ ወላጆች ልጆች ወደ ትምክህት ሲያደሉ፣ ከወላጆቻቸው ፍቅርና ቅርበት ያገኙት ደግሞ ለራሳቸው ጤነኛ ክብር እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ልጁ ፈተና ሲያልፍ «ከጎረቤት ልጅ በለጥህ» ከማለት «ስትደክምበት አይቻለሁ» ማለት ይሻላል፤ ሲወድቅም እንደ ወትሮው አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም የሚቀየም ሰው ይኖራል። ቅያሜው ሳይሰነብት ቤቱ ይሂዱ፤ ተቆጥተው ተናግረው ከሆነ ስለ አነጋገርዎ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ስለማይችሉት ነገር ግን ይቅርታ አይጠይቁ። ነገሩ ወደ ሽምግልና ከሄደ ደግሞ ከመቀመጥዎ በፊት ምን መተው እንደሚችሉና እንደማይችሉ ለይተው ይወቁ። ብዙ ሰው በሽማግሌዎች ፊት «እናንተ እንዳላችሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ከዚያ የማይፈጽመው ውሳኔ ይወሰንበትና ጠቡ በዓመቱ ይመለሳል። «ቃላችሁን አከብራለሁ፤ ይህን ግን አልችልም» የሚለውን ከውሳኔው በፊት ይናገሩ፤ ሽማግሌዎቹም ሚዛኑን የሚያበጁት ይህን ሲሰሙ ነው።