ፕሮሰሰሩ ከተጻፈለት ፍጥነት በታች ሲሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ላፕቶፑ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው ተብሎ ተገዝቷል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው መስኮት) ሲከፈት 0.8 ያሳያል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ተበላሁ» ይላል። ፎርማት ያስደርጋል፣ ራም ያስጨምራል፣ ሲብስበትም በርካሽ ይሸጠዋል። ኪስ ከመግባት በፊት ግን ቁጥሩ መቼ እንደወረደና እንዴት እንደወረደ ማየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከዚያ ይታወቃል።

ሥራ በፈታ ፕሮሰሰር ላይ መፍረድ

ፕሮሰሰር (ሲፒዩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል) የሚሠራው ሲያጣ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባትሪ ይቆጥባል፣ ሙቀትም አያበዛም። ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል ስፒድስቴፕ የሚለው ይህ ዘዴ ከመጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ምንም ሳይከፈት 0.8 ማየት የጤንነት ምልክት ነው። መለካት ከፈለጋችሁ አሠሩት። ፋይል የሚያምቀው ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ቱልስ ውስጥ ቤንችማርክ የሚል ፕሮሰሰሩን በሥራ የሚወጥር ፈተና አለ፤ እሱን አስነሱ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን አስነሱና ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩን ክፈቱ። አጠቃቀሙ ወደ 100 በመቶ ሲጠጋ የሚታየው ፍጥነት ነው የሚያከራክረው።

ትልቁን ቁጥር እንደ ውል መያዝ

ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚጠራላችሁ ትልቁን ነው። ለምሳሌ ኮር አይ5 8250ዩ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 1.6፣ የቱርቦ (ከመነሻው በላይ የሚዘልበት) ጣሪያው ደግሞ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። 3.4 ማለት ሙቀቱና ኃይሉ ከፈቀደ ሊደርስበት የሚችለው ነው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። አራቱም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ ሠራተኛ ክፍሎች) አንድ ላይ ለረጅም ደቂቃ ሲሠሩ በ15 ዋት ውስጥ መብቃቃት አለባቸው። መጀመሪያ ዘሎ ትንሽ ቆይቶ ቢወርድ ማንም አላታለላችሁም። በከባድ ሥራ ላይ ከመነሻው ከ1.6 በታች ከወረደ ግን ችግር አለ።

ቻርጀሩን አለመጠርጠር

እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ሰው ስንቱን ፈትቶ ሲፈትሽ ቻርጀሩን አያየውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ ፍጥነቱ 0.4 ወይም 0.8 አካባቢ ላይ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ማውዙ ራሱ ይንቀራፈፋል።

ክቡን ሶኬት የሚጠቀሙ የዴል ላፕቶፖችን ቻርጀር ጫፍ ብታዩት መሃሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኮምፒውተሩ የቻርጀሩን ማንነትና አቅም የሚያነበው በሷ ነው። መርፌዋ ከታጠፈች፣ ገመዱ ውስጡ ከተበጠሰ ወይም ቻርጀሩ ኮፒ ከሆነ ማንበብ ያቅተዋል። ያኔ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ይይዘዋል። ሲነሳም የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም የሚል መልእክት ያወጣል። እኛ ደግሞ ሳናነብ እናልፈዋለን።

ፈተናው ቀላል ነው። ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ብቻ አሠሩት። ፍጥነቱ ሽቅብ ከወጣ ጥፋቱ ከቻርጀሩ ወይም ከሚሰካበት ቀዳዳ ነው። አቅሙንም ከጀርባው አንብቡ፦ 19.5 ቮልት በ3.34 አምፔር ሲባዛ 65 ዋት ነው፤ በ4.62 ከሆነ 90። 90 ለሚፈልግ ማሽን 65 ሰክቶ ፍጥነት መጠበቅ የዋህነት ነው። ሲገዙ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

ትሮትልስቶፕ በሚባለው ፕሮግራም ይህንን ማነቆ ማጥፋት ይቻላል፣ ፍጥነቱም ወዲያው ይመለሳል። እኔ ግን አልመክርም። ፕሮሰሰሩን «ቀንስ» የሚለው ያው ምልክት ማዘርቦርዱ «ኃይል ሰጪው ክፍል ጋለ» ሲል የሚልከውም ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩን መቀየር ይሻላል።

ሙቀትን በፎርማት ለማከም መሞከር

ሙቀት ሲሆን ቁጥሩ ድርቅ አይልም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ዲግሪውን ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ያሳያችኋል። ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ቢጫን አቧራውን አይጠርገውም። ፋኑን ማጽዳት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) መቀየር፣ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ አለመጠቀም፤ ሌላ ጥበብ የለውም። በአየር ስትነፉት ፋኑን በእንጨት ነገር ያዙት፤ ከመጠን በላይ ከዞረ ይበላሻል።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑም በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል ማለት ነው። ደግነቱ ቅዝቃዜዋ ይክሳል።

ዊንዶውስ ያሰረውን አለመፍታት

ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚል አለ፤ ፕሮሰሰሩ ስንት በመቶ ድረስ እንዲሄድ እንደሚፈቀድለት የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ሰው ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ 50 አድርጎት ረስቶት ሊሆን ይችላል። 99 ማድረግ ራሱ ብዙ ጊዜ ቱርቦውን ያጠፋዋል። 100 መሆኑን አረጋግጡ፣ ለባትሪም ለቻርጀርም።

ሌላው በየቪዲዮው የሚዞር «ምስጢር» አለ፦ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰር ቁጥር ምረጡ የሚል። ዊንዶውስ ያሉትን ኮሮች በሙሉ ድሮም ይጠቀማል። እዚያ ያለው ምርጫ ለሙከራ ኮር ለመቀነስ እንጂ ለመጨመር አይደለም። ምልክት አድርጋችሁበት ከሆነ አንሱትና ሪስታርት አድርጉ።