ሲስተሞቹ ተገናኝተዋል፣ ግን አልተግባቡም፦ የአንድ መስኮት ሥርዓቶችን ከአገር አገር ስናገናኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአቃቂ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከጅቡቲ የመጡ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ታያላችሁ። ሰፈሬ ነው። ለዓመታት ትራንዚተር፣ ማለትም የነጋዴውን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ወኪል፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ ሥራዬ የንግድ መረጃ የሚለዋወጡ ሲስተሞችን ማገናኘት ነው። ስለዚህ የማወራችሁን ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ።

አንድ መስኮት ማለት ነጋዴው መረጃውን አንድ ጊዜ አንድ ቦታ ያስገባል፣ ጉምሩኩም ፈቃድ ሰጪውም ባንኩም ከዚያው ይወስዳሉ ማለት ነው። ሲንጋፖር ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እኛም በ2012 ዓ.ም. የራሳችንን ሥራ አስጀምረናል። አሁን የቀረው የአንዱ አገር መስኮት ከሌላው አገር መስኮት ጋር እንዲነጋገር ማድረግ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፒዲኤፍ መላላክን እንደ መገናኘት መቁጠር ነው። ወረቀቱ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ስክሪኑን እያየ መልሶ ይጽፈዋል። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ የኮንቴይነር ቁጥር ሲገለብጥ አየሁት። ስካኑ ደብዝዟል፣ 8 የነበረው 3 ይመስላል፣ እሱም 3 ብሎ ጻፈ። የኮንቴይነር ቁጥር 11 ምልክት አለው፦ አራት ፊደል፣ ስድስት አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መቆጣጠሪያ አሃዝ። ይቺ የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊቷ ካሉት አሥሩ ምልክቶች በስሌት ነው የምትገኘው። ሲስተሙ ስሌቱን ቢሠራ ኖሮ ልጁ ገና እንደጻፈው «ተሳስተሃል» ይለው ነበር። አልሠራም። መሣሪያው በእጃችን እያለ የማንጠቀምበት ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ቀን ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛን እንደ ቀን የሚጎዳን የለም።

አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛችን የፋብሪካ ግብዓት ጭኖ የመጣ መኪና ከተማው ዳር ሦስት ቀን ቆመ። ሾፌሩ በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው፣ ሲስተሙ ግን «ፈቃዱ ጊዜው አልፏል» ይላል። ፈቃዱን አውጥቼ አየሁት፦ «እስከ 30/10/2017 የጸና» ይላል። ሰኔ 30 ቀን 2017 ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ቀን 2025። ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። የተቀባዩ ሲስተም ግን ኦክቶበር 30 ቀን 2017 ብሎ አነበበው። በእሱ ሂሳብ ፈቃዱ ከሞተ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

ልብ በሉ፣ ቀኑ 30/02/2017 ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ጥቅምት 30 እኛ ጋ አለ፣ ፌብሩዋሪ 30 ግን የትም የለም፣ ስለዚህ ሲስተሙ ወዲያው ይጮህ ነበር። ጳጉሜንም እንደዚያው፣ 13ኛ ወር ሲመጣበት አልቀበልም ይላል። አደገኛው በሁለቱም አቆጣጠር ትክክል የሚመስለው ቀን ነው፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአገር በሚወጣ መልእክት ውስጥ ቀን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚለው ዓለም አቀፍ ቅደም ተከተል፣ 2025-07-07 ተብሎ ይጻፍ። በኛ አቆጣጠር ማሳየት ካስፈለገ ስክሪኑ ላይ ይቀየር፣ መልእክቱ ውስጥ ግን አይግባ። ሰዓትም ያው ነው። የኛ ሦስት ሰዓት የነሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

(ሕጎቻችንም ከዚህ አላመለጡም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጁ በአማርኛ 1072/2010 ሲሆን በእንግሊዝኛ 1072/2018 ነው። አንድ አዋጅ ነው፣ ግን ኮምፒዩተር ሁለት አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።)

ሌላው ስህተት የዕቃ መለያ ኮድ ሁሉም ጋ አንድ ነው ብሎ መተማመን ነው። ኤችኤስ ኮድ የሚባለው ይህ መለያ በዓለም ላይ የጋራ የሚሆነው እስከ ስድስተኛው አሃዝ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደ ፍላጎቱ ይጨምራል። እኛ በስምንት አሃዝ የምንጽፈውን እንዳለ ለጎረቤት ብትልኩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እዚያ ሌላ ዕቃ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝርዝሩም በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ እትም ከ2017ቱ ይለያል። ስለዚህ ከኮዱ ጋር የትኛው እትም እንደሆነ አብሮ ይላክ።

መለኪያና ቁጥር ላይም እንዲሁ። እኛ ኩንታል ስንል 100 ኪሎ ነው፣ ድንበር ሲሻገር ግን ኪሎ ብላችሁ ጻፉት። «1.500» የሚል ክብደት አንዱ አንድ ተኩል ብሎ ያነበዋል፣ የፈረንሳይኛ አጻጻፍ የለመደው ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሊለው ይችላል፣ ጅቡቲ ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው የምትሠራው። የሰው ስምም አለ፦ ፀሐይን በላቲን አንዱ በ«ቲ» ይጀምራታል፣ ሌላው በ«ኤስ»። አስመጪን በስሙ አትፈልጉ፣ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ፈልጉ።

ከእያንዳንዱ ጎረቤት ጋር ለየብቻ የግል መስመር መዘርጋትም ያስከፍላል። ሁለት አገር ሲሆን አንድ መስመር ይበቃል። አሥር አገር ሁሉም ከሁሉም ጋር ልገናኝ ካለ ግን 45 መስመር ነው፣ አንዱ አገር ቅጹን በቀየረ ቁጥር ዘጠኝ ቦታ ይበላሻል። ከመጀመሪያው የዓለም የጉምሩክ ድርጅትን የመረጃ ሞዴል፣ ማለትም የትኛው መረጃ በምን ስምና ቅርጽ እንደሚጻፍ የሚያሳየውን፣ የጋራ ቋንቋ አድርጎ መያዝ ይሻላል፣ እያንዳንዱ የራሱን ወደዚያ ይተረጉማል።

ሕጉን ለመጨረሻ ማቆየት ደግሞ ብዙ ልፋት ገደል ሲከት አይቻለሁ። ቴክኒኩ አልቆ፣ መልእክቱ እየሄደ፣ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት «በሕጋችን ይህ ፊርማ አይጸናም፣ ማህተም ያለው ዋናውን አምጡ» ካለ ምን ዋጋ አለው? ኢትዮጵያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ አለ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም አለ። ግን የኛ ሕግ ድንበር አይሻገርም። የእናንተን ፊርማ እንቀበላለን፣ መረጃውንም ለዚህ ሥራ ብቻ እንጠቀምበታለን የሚል ስምምነት በሁለቱም ወገን መጀመሪያ መፈረም አለበት።

ሁሉንም ሰነድ በአንድ ጊዜ ልጀምር ማለትም አያዋጣም። የደቡብ ምሥራቅ እስያዎቹን የአሴያን አገሮች ተመልከቱ። ስምምነቱን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2018 ሥራ ሲጀምሩ አምስት አገሮች ብቻ ነበሩ፣ የተለዋወጡትም አንድ ሰነድ ነው፣ ዕቃው የት አገር እንደተመረተ የሚያሳየው የትውልድ አገር ማስረጃ። በዚያን ጊዜ የነበሩት አሥሩም አባል አገሮች የገቡት በ2019 መጨረሻ ነው። እኛም በአንድ ሰነድ፣ በአንድ ኮሪደር (ዕቃ በሚመላለስበት አንድ የንግድ መስመር) ብንጀምር እመርጣለሁ።

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የለም። ኔትወርክ የሚቋረጥ መሆኑን እያወቁ እንደማይቋረጥ አድርጎ መሥራት ትልቅ ስህተት ነው። መልእክቱ መስመሩ እስኪመለስ ተሰልፎ ይጠብቅ፣ ተቀባዩም «ደርሶኛል» ይበል። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ቁጥር ይኑረው፣ አለበለዚያ መብራት ሲመጣ ያው ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ሁለቴ ይላክና አንድ መኪና ሁለት ጭነት ያለው ይመስላል።

የመጨረሻው የስህተት መልእክትን ሊያርመው ለሚችለው ሰው አለመንገር ነው። በዚያች የቀን ጉዳይ ሲስተሙ ስህተቱን መዝግቦ ነበር፣ ግን ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ። ጋሼ ሦስቱን ቀን መኪናው ውስጥ ነው ያደሩት። በሦስተኛው ቀን ሻይ ይዤላቸው ስሄድ «ልጄ፣ ቁም ካላችሁኝ እቆማለሁ፣ ግን ምን እንደጎደለ የሚነግረኝ ሰው እንዴት ይጠፋል?» አሉኝ። አሁን እኛ በምንሠራው ላይ መልእክት ሲወድቅ የትኛው መስመር እንደወደቀና ለምን እንደሆነ በአማርኛ ተጽፎ ወዲያው ለትራንዚተሩ ስልክ ይገባል፣ ለሾፌሩም ቅጂው ይደርሰዋል።