ለሁሉም ተራ አለው፦ በቤተ ክርስቲያን፣ በጥናት፣ በእድርና በድርሰት መካከል እንዴት እንደምኖር

የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ሰኞ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ይህ ሁሉ ነበር። ያልታረሙ 42 የፈተና ወረቀቶች። የአንድ ገድል ሦስት ቅጂዎች ፎቶ። የእድሩ መዝገብ። ግማሽ ላይ የቆመ አጭር ልብ ወለድ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ደግሞ አምስት ጊዜ ደውሎ ነበር። ምን አደረግኩ? ተኛሁ።

ግዕዝ አስተምራለሁ። የዶክትሬት ጥናቴ በገድላት ቅጂዎች ላይ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ፣ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። «እንዴት ነው የምታመጣጥኚው?» ይሉኛል። አላመጣጥንም። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ አስይዣቸዋለሁ። አሥራ ሁለት አባል በአንድ ቀን አይደግስም። ወሩ የደረሰው ይደግሳል፤ ሌላው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና የተሸከማችሁትን ሁሉ ጻፉ። «ትንሽ ነው» ብላችሁ የምትዘሉትንም ጨምሩ። እኔ ስቆጥር 11 ሆኑ። ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ፣ እኔ ነገ ባልኖር ማን እንደሚሠራው ጻፍኩ። ሦስት ስም የመጣበትን ለቀቅኩ። መዝሙር ክፍሉን ስለቅ ማንም አልደነገጠም። ድምፄን ስለማውቀው አልከፋኝም። የእድር ጸሐፊነቱ ግን ቀረ፤ ያንን መዝገብ የሚመኝ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስትለቁ በጽሑፍ መልእክት አይሁን። በአካል ሂዱ፣ ቀን ቁረጡ፣ የሚተካችሁን አሠልጥኑ። እኔ «ከፋሲካ በኋላ አልቀጥልም» አልኩ። «ቀዝቅዛለች» ተባልኩ። ይህችን ቃል ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ያውቃታል፤ ታሳምማለች። ሁለት ወር ያህል ቆየችና ጠፋች።

ከሁሉ በፊት ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በዚያው የራሴን የጸሎት ዝርዝርም ይዤ ሄጄ ነበር፤ ረጅም ነው። አዩትና «የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ፤ ሌላውን ክረምት ላይ እንነጋገራለን» አሉኝ። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ እስካሁን አልተነጋገርንበትም።

ዓመቱን በአጽዋማት ክፈሉት

የዩኒቨርሲቲው የጊዜ ሰሌዳ አንድ ነገር ይላል፣ ሆዴ ሌላ። ሆዴን መስማት ስጀምር ሥራዬ ተስተካከለ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሳስቀድስ የምቀምሰው ወደ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከባዱን ምዕራፍ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት እጽፋለሁ። ከቀትር በኋላ ጭንቅላት የማይጠይቅ ሥራ ብቻ ነው፦ ቅጂ ከቅጂ ማመሳከር፣ የብራና ቅጠል መቁጠር፣ ስም በፊደል ተራ ማስያዝ። በጾም ልብ ወለድ አልጽፍም። ሞክሬዋለሁ፤ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ይበላሉ። አንዷ በስምንት ገጽ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዶሮ ወጥ ሠራች።

የልብ ወለዱ ተራ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰውነት ይፈታል፣ ቀልድ ይመጣል። የዓመቱን ድርሰቴን አብዛኛውን የምጽፈው ያኔ ነው።

የነቢያት ጾም፣ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28፣ ትምህርቱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ያኔ ከእሁድ ክፍሌ ሌላ አዲስ አገልግሎት አልቀበልም። ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ደግሞ የማንም ተራ አይደለም። ስልክ ይዘጋል።

እሁድ ላፕቶፕ አልከፍትም። ቅዳሜን ግን ለጥናት አውየዋለሁ። የሚያስቀው፣ የማጠናው ዘመን ሰዎች ስለ ቅዳሜ ክብር ብዙ ተጣልተዋል። ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተብሎ ነው። ቅዳሜ ይከበር ብለው የተሟገቱት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜ ጠዋት ቢያዩኝ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ተራ የማያውቀው እድር ብቻ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ጥሩምባው ከተነፋ ድንኳኑም፣ መዝገቡም፣ ሦስቱ የለቅሶ ቀናትም አሉ። መላው ቀላል ነው። ለአማካሪዬ «በ10 አደርሳለሁ» ልል ስል «በ17» እላለሁ። ያቺ ሳምንት የእድሩ ናት። ለቀስተኛ ካልጠራኝ ቀድሜ አስረክባለሁ፣ ጎበዝ እባላለሁ።

ሌላ ጊዜ የሚያተርፍ ነገር ልንገራችሁ። የብራና ጥናት ላይ ያላችሁ ለእያንዳንዱ ቅጂ መንገድ አትውጡ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ለቅሶ ቤት አድሬ የመጣሁ ቀን እንኳ ሁለት ቅጠል አያለሁ።

ጥናቱና እምነቱ ሲፋጠጡ

በወር በ24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ሲነበብ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ እሰማለሁ። በ25 ጠረጴዛዬ ላይ እቆራርጠዋለሁ። ገድሉ የዋልድባውና የደብረ ሊባኖሱ የሚባሉ የተለያዩ ድርሰቶች አሉት። ሁለቱም የተጻፉት ጻድቁ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህን መጀመሪያ ሳውቅ እንቅልፍ አጣሁ። የነገረኝም አልነበረም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት መሰለኝ።

የረዳኝ ደብተሬን መሃል ለመሃል ማስመር ነው። በግራ በኩል፦ መቼ፣ በማን እጅ፣ ለማን ተጻፈ? ይህን ብራናው ይመልሳል። በቀኝ በኩል፦ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል? ይህን የሚመልሰው ደጀ ሰላሙ ነው። በግራው ጥያቄ ላይ የቀኙን መልስ አልጽፍም። በጥናት ወረቀቴ «ገድሉ እንደሚለው» እላለሁ። በቤተ ክርስቲያን «አባታችን» እላለሁ። ሁለቱንም ስል አፌ አይደናቀፍም።

አንድ ጊዜ ግን መስመሩን ጥሻለሁ። ከአንዱ ቅጂ ላይ ለገዳሙ ክብር የማይመች አንድ ንባብ አገኘሁ። ለቤተ ክርስቲያን አዘንኩና በግርጌ ማስታወሻው ሳላስገባው አለፍኩ። አማካሪዬ አገኘው። ምንም አላለኝም፣ በእርሳስ ከበበው ብቻ። ይበልጥ ያፈርኩት ግን የዚያን ብራና ጸሐፊ ነው። መነኩሴ ነበር፤ ያየውን ሳይደብቅ ገልብጧል። እኔ ነኝ ከእሱ በላይ ለቤተ ክርስቲያን ልቆረቆር የሄድኩት።

ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «እትዬ፣ ገድል ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው?» አለኝ። አልዋሸሁትም፤ የሦስት ዓመት ንባቤንም አንድ ጊዜ አልዘረገፍኩበትም። የብራና ፎቶ አመጣሁና ጸሐፊው ተሳስቶ የፋቀውን፣ እላዩ ላይ ያረመውን አሳየሁት። ክፍሉ በሙሉ ስልኬ ላይ ተደፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው ተሻሽሏል፤ «ማን ጻፈው? ከየት ገለበጠው?» ይላሉ።

ከለቅሶ ቤት ስለሚወሰድ ታሪክ

አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ የተማሩት ዋሸራ ነው። ልብ ወለድ እንደምጽፍ ስነግራቸው ዓለማዊ ነው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «በቀን ስንት ትቆጥሪያለሽ?» ብቻ አሉኝ። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ዞር ብሎ ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ይደርሳል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃናል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። እኔም በተራዬ ወቅት በቀን አንድ ገጽ አዲስ እጽፋለሁ፤ ማታ ለአንዲት ጓደኛዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እሷ መሪጌታ አይደለችም፣ ግን ስብከት ስትሰማ ታዛጋለች። ያዛጋችበትን እሰርዛለሁ። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ገጸ ባሕርይዋ ንስሐ የምትገባበት አንቀጽ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። እድራችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በባሕር ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ማታ ማታ ለእሱም ሳህን ያቀርባሉ። ይህን የሰማሁት ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ መዝገብ ይዤ ተቀምጬ ነው። ስም ቀየርኩ፣ ሰፈር ቀየርኩ፣ ጻፍኩት። መጽሔት ላይ ወጣ፣ ተወደደ። አንድ ሰው ገጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሴት ልጃቸው ላከላት።

ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። አልተቆጡኝም። ቡናውን ተቀበሉኝና «ልጄ፣ ሳህኑን ባታነሺው ምን ነበረበት?» አሉኝ። ቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። «ማንሳት» የምትለዋን ግስ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልፈራ ጽፌያት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። በእድር መዝገብ ይዤ የሰማሁት የእድሩ ነው። ባለቤቱ በሕይወት ካለ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ የጻፍኩትንም አነብለታለሁ። ካረፈ ደግሞ የሰባት ዓመት ተዝካሩ ሳይወጣ አልነካውም፤ ያኔም ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው። ይረዝማል? ይረዝማል። ሰባት ዓመት ቆይቶ አሁንም የሚከነክነኝ ታሪክ ግን ሲጻፍ ይለያል። ስለ ቄስና ዲያቆን ስጽፍ ደግሞ ቅዱስም ሌባም አላደርጋቸውም። እግራቸው ያብጣል፣ የቤት ኪራይ አለባቸው፣ ማኅሌት ላይ ድምፃቸው ያምራል።

እናቲቱ ይቅርታ አድርገውልኛል። የኅዳር 21 የማርያም ማኅበራችን ተራ ዘንድሮ የእኔ ነው፤ እሳቸውም አባል ናቸው። ጾም ስለሆነ በግ አያሻኝም፣ ሽሮና አልጫ ይበቃል። ምዕራፍ አራትን ለአማካሪዬ «በ28 አደርሳለሁ» ብያለሁ። ጌሾው ታጥቦ ደርቋል፤ ብቅሉን ከእሳቸው ቤት ነው የማመጣው።