«መረጠ»ን ወደ እንግሊዝኛ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አማርኛ አንዱን «መረጠ» ብዙ ሥራ ያሠራዋል። መሪም ይመረጣል፣ ጨርቅም ይመረጣል፣ ከሻይና ከቡናም አንዱ ይመረጣል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሥራ ለቹዝ፣ ለፕሪፈር፣ ለሰሌክት፣ ለኢሌክትና ለፒክ አከፋፍሎታል። ጎንደር ውስጥ በፋሲል ግቢ በር፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያና በትምህርት ቤት የሚሰሙት ስህተቶች ግን ብዙዎቹ ከግሱ ሳይሆን ከጎኑ ከሚገቡት ትናንሽ ቃላት የሚመጡ ናቸው። ዋናዋ ጥፋተኛ «ከ» ናት።

«ከ»ን ሁልጊዜ ፍሮም ማድረግ

«ከቡና ሻይ እመርጣለሁ» ለማለት «አይ ቹዝ ቲ ፍሮም ኮፊ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፍሮም የሚያሳየው የሚመረጥበትን ስብስብ ነው፤ «ቹዝ ዋን ፍሮም ዚስ ሊስት» ልክ የሚሆነው ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት አንዱ ስለሚወጣ ነው። ሻይ ግን ቡና ውስጥ አልነበረም። አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ ሲሆን ቹዝ ኦቨርን ይፈልጋል፦ «አይ ቹዝ ቲ ኦቨር ኮፊ»። ፕሪፈር ደግሞ ቱን ይፈልጋል፦ «አይ ፕሪፈር ቲ ቱ ኮፊ»። እዚህ ቦታ በስህተት ዛን የሚገባው («ፕሪፈር ቲ ዛን ኮፊ») «ከቡና ይልቅ» ማወዳደሪያ ስለሚመስልና ምላስ «ቤተር ዛን»ን ስለለመደ ነው። ዛን ከፕሪፈር ጋር የሚሄደው ራዘርን አስቀድሞ ነው፦ «አይ ፕሪፈር ቱ ዎክ ራዘር ዛን ቴክ ኤ ባጃጅ»። ያንኑ በቱ መናገር ከፈለጉ ሁለቱም ግሶች ኢንግ ይጨምራሉ፦ «አይ ፕሪፈር ዎኪንግ ቱ ቴኪንግ ኤ ባጃጅ»። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው ረጅም መንገድ ከሆነ የሚያምንዎት ባይኖርም ሰዋስዉ ልክ ነው።

ቢትዊንን ከኦር ጋር ማጋባት

«ዩ ካን ቹዝ ቢትዊን ጎርጎራ ኦር ደባርቅ» የሚል አስጎብኚ መልእክቱን ያደርሳል፤ ግን ቢትዊን ካለ ተከታዩ ኤንድ ነው፦ «ቢትዊን ጎርጎራ ኤንድ ደባርቅ»። ኦርን ከወደዱ ቢትዊንን ያውጡት፦ «ዩ ካን ቹዝ ጎርጎራ ኦር ደባርቅ»። ቢትዊን ለሁለት ብቻ ነው የሚለው የክፍል ውስጥ ሕግ ከሚገባው በላይ ጠብቋል። ቦታዎቹ በስም ከተዘረዘሩ ሦስትም ቢሆኑ ይሠራል። በጅምላ ሲጠሩ ግን ፍሮም ወይም አመንግ ይሻላል።

የኃላፊውን ጊዜ ማበላሸት

አጼ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ አድርገው መምረጣቸው በየቀኑ ለጎብኚ የሚነገር ነው፤ «ፋሲለደስ ቹዝድ ጎንደር» እየተባለ። ቹዝ ኤድ አይቀበልም። ኃላፊው ቾዝ፣ ሦስተኛው ቅርጽ ቾዝን ነው፦ «ፋሲለደስ ቾዝ ጎንደር አዝ ሂዝ ካፒታል»፣ «ጎንደር ዎዝ ቾዝን»።

አደናጋሪው አጻጻፉ ነው። ሁለት ኦ ያለው የአሁኑ ጊዜ እንደ ካዕብ «ቹ» ይነበባል፤ አንድ ኦ ያለው ኃላፊው ደግሞ እንደ ሳብዕ «ቾ»። ዓይን ተቃራኒውን ስለሚጠብቅ ተማሪ ሲጽፍ ይገለብጣቸዋል፤ አንድ ኦ ብቻ ይዞ «ሉዝ» የሚነበበው የ«ማጣት» ግስም ነገሩን ያባብሰዋል። በቹዝም በቾዝም መጨረሻ አካባቢ ኤስ ቢጻፍም ድምፁ «ዝ» ነው። «ስ» የሚሰማው በሲ በሚጻፈው በስሙ፣ በቾይስ ላይ ነው። ቹዝ ኢንግ ሲጨምር የመጨረሻዋ ኢ ትወድቃለች።

አፕን መርሳት

የሆቴል ሹፌር እንግዳውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበል ፈልጎ «አይ ዊል ፒክ ዩ ቱሞሮው» ብሎ ቢጽፍ «ነገ እመርጥሃለሁ» ማለቱ ነው። ፒክ ብቻውን ቀለል ያለ መምረጥ ነው፤ ፍሬ መልቀምም ነው። ሰው ሄዶ ለማምጣት አፕ የግድ ነው፦ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ»። አፕ ከዩ በኋላ መግባቷንም ልብ ይሏል፤ «ፒክ አፕ ዩ» አይባልም።

ኢሌክት በድምፅ ወደ ሥልጣን ማምጣት ነው፤ ሆቴልና ሸሚዝ ኢሌክት አይደረጉም። ሰሌክት መስፈርት ይዞ ከብዙ መካከል መለየት ሲሆን ለቅጥር ማስታወቂያ ይስማማል፣ ለምሳ ምርጫ ግን ይከብዳል።

ፕሪፈርን እንደ ቹዝ መጠቀም

ቹዝ ውሳኔ ነው፣ ፕሪፈር ዝንባሌ። አንድ ሰው ጥብስ ፕሪፈር አድርጎ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ቹዝ ሊያደርግ ይችላል። ዝንባሌ ስለሆነም «አይ አም ፕሪፈሪንግ» አይባልም። የዘወትሩ «አይ ፕሪፈር»፣ የአሁኑ ፍላጎት ደግሞ «አይድ ፕሪፈር» ነው፤ አስተናጋጅ ፊት የኋለኛው ለስለስ ይላል። «ፕሪፈር ሞር»ም ትርፍ ነው፤ ብልጫው ግሱ ውስጥ አለ። ፕሪፈርድ ሲጻፍ አር ይደገማል፤ ፕሪፈረንስ ላይ ግን አንድ አር ብቻ ነው፣ ድምፁም የሚጠነክረው መጀመሪያው ላይ ነው።

ከቹዝ በኋላ ግስ ሲመጣ ቱ ይቀድመዋል፦ «ሺ ቾዝ ቱ ስቴይ»። «መቆየትን መረጠች»ን እያሰቡ «ቾዝ ስቴዪንግ» ማለት ስህተት ነው።

«ምርጫ»ን እና «ምርጥ»ን በአንድ ቃል መጨረስ

የምርጫ ቦርዱ ምርጫ ኢሌክሽን ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ ከሀ እስከ መ የተደረደሩት ኦፕሽኖች ናቸው፤ «ምርጫ የለኝም» የሚለው ቾይስ ነው። «ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለኝም» ሲባል «ከ» እንደገና ፍሮምን ትጠራለች፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ኖ ቾይስ በት ቱ ጎ» ነው። ምርጥ ተጫዋች ቤስት ፕሌየር እንጂ ሰሌክትድ ፕሌየር አይደለም፤ በግብርና ጽሕፈት ደግሞ ምርጥ ዘር ኢምፕሩቭድ ሲድ ይባላል።